የመሬት ጠብ ባመጣው የነፍስ ግድያ ፍርድ ላይ ይግባኝ አጠያየቅ፦ ከፍርዱ ቀን እስከ ሰበር

በድንበር፣ በውርስ ወይም በባሕር ሸሽ (ሐይቁ ሲሸሽ በሚታረስ) መሬት ጠብ ነፍስ ጠፍቶ ልጁ ወይም ወንድሙ የተፈረደበት ቤተሰብ ይግባኝ ሲል በብዛት የሚወድቀው በሁለት ነገር ነው። አንዱ ቀን ማሳለፍ ነው። ሌላው፣ እሱ ይብሳል፣ የመሬቱን ሙግት ይግባኝ ሰሚው ፊት እንደ አዲስ መጀመር ነው። ዳኞቹ የሚጠይቁት ግን «መሬቱ የማን ነበር?» ሳይሆን «የሥር ፍርድ ቤት ምኑ ላይ ተሳሳተ?» ብለው ነው።

መመሪያው የተጻፈው ለተፈረደበት ሰው ቤተሰብ ነው። የሟች ወገን ከሆናችሁ ወደታች የእናንተን ክፍል ፈልጉ። ጠበቃን አይተካም፤ ጠበቃ ጋ ባዶ እጃችሁን እንዳትሄዱ ግን ይረዳል።

የነፍስ ግድያ ክስ በመጀመሪያ የሚታየው በከፍተኛ ፍርድ ቤት ነው። ጣና ዙሪያ ያላችሁ እንደየዞናችሁ ባሕር ዳር፣ ደብረ ታቦር ወይም ጎንደር ተሟግታችሁ ይሆናል። ከዚያ የሚቀጥለው ይግባኝ የሚቀርበው ለአማራ ክልል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ነው፤ መቀመጫውም ባሕር ዳር ነው።

ከመነሳታችሁ በፊት

አንድ ሰው ምረጡ። ወረቀት የሚያመላልሰው፣ ቀጠሮ የሚይዘው፣ ከጠበቃ ጋር የሚነጋገረው አንድ ሰው ይሁን። አጎት አንድ ነገር፣ አማች ሌላ ነገር ይዘው መዝገብ ቤት ሲመላለሱ ቀኑ ያልቃል። ቤተሰብ ወረቀት ማድረስ ይችላል፤ ችሎት ቆሞ የሚከራከረው ግን ባለጉዳዩ ራሱ ወይም ጠበቃው ነው።

ክላሰር ግዙ፣ ወረቀቱን በቀን ቅደም ተከተል አስቀምጡ። ከደቅ ወይም ከዘጌ በጀልባ የምትሻገሩ ከሆነ በላስቲክ ጠቅልሉት፤ የራሰ ማኅተም አይነበብም።

ጠበቃ መቅጠር ካልቻላችሁ ሁለት በር አለ። የመጀመሪያው ተከላካይ ጠበቃ ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 ንኡስ አንቀጽ 5 ጠበቃ ማቆም አቅቶት ፍትሕ ሊጓደልበት ለሚችል ሰው መንግሥት ጠበቃ እንዲያቆምለት ይላል። ከፍተኛ ፍርድ ቤት ላይ የቆመላችሁ ተከላካይ ጠበቃ በራሱ ይግባኙን ይቀጥላል ብላችሁ አትቀመጡ፤ ሄዳችሁ ጠይቁት። ሁለተኛው የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሕግ ትምህርት ቤት የሚሰጠው ነጻ የሕግ ድጋፍ ነው።

ፍርድ ቤት አካባቢ ማመልከቻ የሚጽፉ ራፖር ጸሐፊዎች ጎበዝ አሉ፣ ደካማም አሉ። ነገር ግን መዝገቡን ሳያነብ «ልጻፍላችሁ» የሚል ማንም ሰው፣ ዋጋው ቢረክስም፣ ይቅርባችሁ። «ዳኛ አውቃለሁ፣ በእጅ መንገድ ይጨረሳል» የሚላችሁ ደግሞ ገንዘባችሁን ይበላል፤ ሌላ ወንጀል ውስጥም ያስገባችኋል።

ደረጃ 1፦ ቀኑን ቁጠሩ

የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 187 ሁለት ቀነ ገደብ አለው (ከዚህ በታች የሕግ «ቁጥር» ስንል የዚህን ሕግ ነው)።

1. ፍርዱ ከተነበበ በ15 ቀን ውስጥ «ይግባኝ እጠይቃለሁ» የሚል ማስታወቂያ ለፈረደው ፍርድ ቤት ሬጅስትራር ይሰጣል። በዚያው ወረቀት የፍርዱን ግልባጭ ጠይቁ።
2. ግልባጩ በእጅ ከገባ በኋላ በ30 ቀን ውስጥ የይግባኝ ማመልከቻው ይገባል።

ገበሬውን ቤተሰብ የሚያሳስተው እዚህ ጋ ነው። የመሬት ሙግት የለመደ ሰው የፍትሐ ብሔር ይግባኝ 60 ቀን እንዳለው ያውቃል። «ገና ሁለት ወር አለን» ብሎ አጨዳውን ጨርሶ ይመጣል። የወንጀል ይግባኝ 60 ቀን የለውም።

ቅጣቱ የተነበበ ዕለት ወይም በማግሥቱ ማስታወቂያውን አስገቡ። ሁለት ኮፒ ይዛችሁ ሂዱ፤ አንዱን ይቀበሉ፣ ሁለተኛው ላይ ቀንና ማኅተም አስደርጉ። ይህ ማኅተም ያለበት ኮፒ ከክላሰሩ አይውጣ። ግልባጩን ስትቀበሉም የተቀበላችሁበት ቀን መጻፉን እዩ፤ 30 ቀኑ የሚቆጠረው ከዚያ ነው።

ባለጉዳዩ ማረሚያ ቤት ከሆነ ማስታወቂያውንም ማመልከቻውንም ለማረሚያ ቤቱ ኃላፊ መስጠት ይችላል፤ ኃላፊው ለፍርድ ቤት የማስተላለፍ ግዴታ አለበት። ሰባታሚት ማረሚያ ቤት ያለ ሰው በዚህ መንገድ ቢልክም ቤተሰቡ በሦስተኛው ቀን መዝገብ ቤት ሄዶ መድረሱን ያረጋግጥ። «ሰጥቻለሁ» እና «ደርሷል» ለየቅል ናቸው።

የክረምቱ የፍርድ ቤት እረፍት ቀኑን ይገፋልናል ብላችሁ አትቁጠሩ። ተረኛ ሬጅስትራር ጠይቁ፣ አስገቡ።

ቀኑ ካለፈ

ቁጥር 191 ማስፈቀጃ አለው። ፍርድ ቤቱ የሚፈቅደው መዘግየቱ በይግባኝ ባዩ ጥፋት አለመሆኑ ከታየው ነው። ስለዚህ «አላወቅንም»፣ «ገንዘብ አጣን» ብቻውን አይበቃም። ማረሚያ ቤቱ ወረቀቱን አዘግይቶት ከሆነ የወጪ ደብዳቤ ቁጥር፣ ታሞ ከሆነ የሕክምና ማስረጃ፣ መንገድ ተዘግቶ ከሆነ ከቀበሌ ወይም ከወረዳ ቀኑን የሚጠቅስ ደብዳቤ፣ ግልባጩ ዘግይቶ ከሆነ ያ ማኅተም ያለበት ኮፒ ያስፈልጋል። ማስፈቀጃውን ከቃለ መሐላ ጋር አቅርቡ፤ የይግባኝ ማመልከቻውንም አያይዙ፤ ከተፈቀደ በኋላ እንጽፋለን አትበሉ።

ደረጃ 2፦ ግልባጩን ሙሉ አድርጉ

ፍርዱን ብቻ ይዞ የሚመጣ ቤተሰብ ብዙ ነው። ፍርዱ ዳኛው ከምስክሩ ቃል የወሰደውን እንጂ ምስክሩ ያለውን ሁሉ አይነግራችሁም። እነዚህን ጠይቁ፦

- ክሱንና ተሻሽሎ ከሆነ የተሻሻለውን
- የዐቃቤ ሕግ ምስክሮችን ቃል፣ የመስቀለኛ ጥያቄው መልስ ጭምር
- «ተከላከል» የተባለበትን ብይን
- የመከላከያ ምስክሮችን ቃል
- ተከሳሹ ለፖሊስና ለፍርድ ቤት የሰጠውን ቃል (በቁጥር 27 እና 35 የተመዘገበውን)
- የአስከሬን ምርመራ ውጤቱን፣ ሟች ቆይቶ ከሞተ የሕክምና ካርዱን
- የወንጀሉን ቦታ ንድፍና ፎቶግራፍ
- የጥፋተኝነት ፍርዱን፣ የሁለቱን ወገን የቅጣት አስተያየትና የቅጣት ውሳኔውን

ስትቀበሉ እዚያው ቆማችሁ ገጽ ቁጠሩ። ከገጽ 14 ወደ 16 የዘለለ ግልባጭ ቤት ደርሳችሁ ብታገኙት ሌላ ቀን ይበላችኋል። የምስክር ቃል በድምፅ ተቀርጾ ከሆነ ወደ ጽሑፍ የተገለበጠውን ጠይቁ። የእጅ ጽሑፉ የማይነበብ ገጽ ካለ ቁጥሩን ጠቅሳችሁ በጽሑፍ አመልክቱ፤ በቃል የተጠየቀ ነገር ማስረጃ የለውም።

ደረጃ 3፦ ፍርዱን በእርሳስ አንብቡ

አንድ ጊዜ ዝም ብላችሁ አንብቡት። ሁለተኛ ስታነቡ የምስክሮቹን ቃል ጎን ለጎን ዘርጉና እነዚህን ፈልጉ፦ ማን መታ? በምን? የት አካሉ ላይ? ስንት ጊዜ? ከመምታቱ በፊት ምን ነበር? ምስክሩ የት ቆሞ አየ? ለያንዳንዱ የገጽ ቁጥር ጻፉ።

ሕጉ በቁጥር 149 ፍርድ የማስረጃውን ፍሬ ነገር፣ ማስረጃው የታመነበትን ወይም ያልታመነበትን ምክንያትና የተጠቀሰውን የሕግ አንቀጽ እንዲይዝ ያዛል። ስለዚህ የመከላከያ ምስክሮች ቃል «አልታመነም» ተብሎ ብቻ ከታለፈ፣ ምክንያት ካልተሰጠበት፣ ይህ ትልቅ የይግባኝ ነጥብ ነው። አስምሩበት።

አንድ ለምሳሌ እንበል። የዐቃቤ ሕግ ሁለተኛ ምስክር «ከቤቴ ደጃፍ ሆኜ በመጥረቢያ ሲመታው አየሁ» ብሏል። ቀኑ ነሐሴ መጨረሻ ነው። ንድፉ ላይ በምስክሩ ደጃፍና ሟች በወደቀበት ቦታ መካከል የበቆሎ ማሳ ተስሏል። በነሐሴ መጨረሻ የደረሰ በቆሎ ሰው ይውጣል። የሥር ፍርድ ቤት ንድፉን ከምስክሩ ቃል ጋር አላገናዘበም። የአስከሬን ምርመራው ደግሞ በስለት የተቆረጠ ሳይሆን ስለት በሌለው ነገር የተመታ ይላል። እነዚህ ሦስት ወረቀቶች አንድ ላይ ሲነበቡ አንድ ጥሩ የይግባኝ ምክንያት ወጣ። መሬቱ የማን እንደነበር አንድ ጊዜም አላነሳንም።

ጥቃቅኑን ልዩነት ግን ተዉት። አንዱ ምስክር «1 ሰዓት ላይ»፣ ሌላው «1 ሰዓት ተኩል ገደማ» ማለቱ ማንንም ነጻ አያወጣም። እንዲህ ያለውን አሥር ቦታ ከዘረዘራችሁ ዋናው ነጥባችሁ ውስጡ ይጠፋል።

ደረጃ 4፦ መንገድ ምረጡ

በመሬት ጠብ ግድያ ይግባኝ ላይ ብዙውን ጊዜ ሙግቱ «ገደለ ወይስ አልገደለም» ሳይሆን «በየትኛው አንቀጽ» ነው። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ እንዲህ ይከፍለዋል።

አንቀጽ 539፣ ከባድ የሰው ግድያ። አስቦ ተዘጋጅቶ፣ ወይም አነሳሱ፣ መሣሪያውና አፈጻጸሙ የተለየ ጨካኝነት ወይም አደገኛነት ሲያሳይ። ቅጣቱ ዕድሜ ልክ ጽኑ እስራት ወይም ሞት ነው።

አንቀጽ 540፣ ተራ የሰው ግድያ። ከ5 እስከ 20 ዓመት ጽኑ እስራት።

አንቀጽ 541፣ ቀላል የሰው ግድያ። ከሕጋዊ መከላከል መጠን በማለፍ፣ ወይም ከባድ የማነሣሣት ድርጊት ተፈጽሞበት በድንገተኛ፣ ሁኔታው ሊያስረዳው በሚችል ብርቱ ስሜት የተፈጸመ። ቅጣቱ እስከ 5 ዓመት ቀላል እስራት ነው።

አንቀጽ 543፣ በቸልተኝነት። ከ6 ወር እስከ 3 ዓመት ቀላል እስራት ወይም መቀጮ።

ከ539 ወደ 540፣ ከ540 ወደ 541 መውረድ ማለት ስንት ዓመት እንደሆነ ከዚህ ታያላችሁ። ይግባኝ ሰሚው ጥፋተኝነቱን እንዳለ ትቶ አንቀጹን ብቻ መቀየር ይችላል።

«አልገደለም» የምትሉ ከሆነ። ክርክሩ በማስረጃ ምዘና ላይ ነው። በደቦ ጠብ ላይ ብዙ ሰው ተደባድቦ የማን ምት እንደገደለ ካልተለየ፣ ወይም ማንነቱ በጨለማ ከተለየ፣ ይህ መንገድ ነው።

«ራሱን ሲከላከል ነው» የምትሉ ከሆነ። በአንቀጽ 78 መሠረት ጥቃቱ ሕገ ወጥ፣ የተጀመረ ወይም ሊጀመር የደረሰ፣ ሌላ ማምለጫ ያልነበረውና አመላለሱም የተመጣጠነ መሆን አለበት። ሟች በገጀራ ሲመጣበት በሽመል የመለሰና፣ ሞፈር ይዞ ቆሞ ሲሳደብ የነበረን ሰው በክላሽ የመታ አንድ አይደሉም። መጠኑ ካለፈ አንቀጽ 79 አለ፤ ያለፈው በሚያስረዳ ፍርሃት ወይም ድንጋጤ ከሆነ ፍርድ ቤቱ ከቅጣት ነጻ ሊያደርገውም ይችላል።

«ተነሣሥቶ ነው» የምትሉ ከሆነ። እዚህ ረጋ በሉ፤ አብዛኛው የመሬት ጠብ ይግባኝ የሚጠፋው እዚህ ነው።

ቤተሰብ የሚጽፈው እንዲህ ነው፦ «ሟች ለስድስት ዓመት ድንበር ሲገፋ፣ ባሕር ዛፍ ሲተክልብን፣ ከብት ሲለቅብን ኖሯል፤ ይግባኝ ባይ ከዚህ በላይ መታገሥ አልቻለም።» እውነት ሊሆን ይችላል። ለ541 ግን ይጎዳል። ስድስት ዓመት የኖረ ነገር ድንገተኛ አይባልም፤ ቂም ይባላል። ቂም ደግሞ ዐቃቤ ሕግ 539 ለማስረዳት የሚፈልገው ነው። ለዐቃቤ ሕጉ በነጻ አትሥሩለት።

ሕጉ የሚፈልገው የዚያችን ጧት ነው። የደቂቃ ዝርዝር ሥሩ፦

ጧት 1፡00፣ ሟች በሬ ጠምዶ እግድ የወጣበት ማሳ ገባ።
1፡15፣ ይግባኝ ባይ ውኃ ሊያጠጣ ሲሄድ አየው፣ ተጠራሩ።
1፡20፣ ሟች እናቱን ጠርቶ ሰደበው፣ በጅራፍ ፊቱን መታው (የዐቃቤ ሕግ 1ኛ ምስክር፣ ገጽ 9)።
1፡20፣ ይግባኝ ባይ በእጁ በያዘው ዱላ አንድ ጊዜ መለሰ።

ዱላው ገና ከመጀመሪያው በእጁ መሆኑ፣ አንድ ጊዜ መምታቱ፣ በጅራፉና በዱላው መካከል ጊዜ አለመኖሩ፣ ይህን የተናገረውም የዐቃቤ ሕግ ምስክር መሆኑ ነው ክርክሩን የሚሸከመው። በ1፡20 እና በ2፡10 መካከል ቤቱ ሄዶ መጥረቢያ ይዞ ከተመለሰ ግን 541ን አጥብቃችሁ አትያዙ። ከ539 ወደ 540 ለማውረድ ወይም በቅጣቱ ላይ ተሟገቱ።

ሁለት ታሪክ አትናገሩ። ባለጉዳዩ በሥር ፍርድ ቤት «ቦታው ላይ አልነበርኩም» ብሎ ምስክር አቁሞ ከሆነ፣ ይግባኝ ላይ «ራሴን ስከላከል ነው» ማለት ሁለቱንም ያሳጣዋል። የሚቻለው «በአማራጭ» ማለት ነው፦ «የዐቃቤ ሕግ ማስረጃ እንዳለ ቢታመን እንኳ የሚያሳየው 541ን እንጂ 540ን አይደለም» ብሎ ከራሱ ከዐቃቤ ሕግ ምስክሮች ቃል መነሣት።

ባለጉዳዩ ድርጊቱን አምኖ ጥፋተኛ ተብሎ ከሆነ በቁጥር 185 መሠረት ይግባኙ በቅጣቱ ላይ ብቻ ነው።

በቅጣቱ ላይ ስትሟገቱ

አንቀጽ 82ን ነጥብ በነጥብ ከመዝገቡ ጋር አስተያዩ፦ ቀድሞ መልካም ጠባይ፣ በተበዳይ ትንኮሳ ወይም ስድብ መቆጣት፣ እጅ መስጠት፣ መጸጸት፣ ለተጎጂው መድረስ፣ መካስ። ሟችን ተሸክሞ ጤና ጣቢያ ያደረሰው ተከሳሹ ራሱ ከሆነ ይህ በፍርዱ ውስጥ እንደ ማቅለያ ተይዟል? ካልተያዘ ይግባኝ ምክንያት ነው። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት የቅጣት አወሳሰን መመሪያ ቁጥር 2/2006ን ይዛችሁ የቅጣት እርከኑን ቁጠሩ፤ የወንጀሉ ደረጃ በትክክል ተይዞ እንደሆነ፣ ያው አንድ ነገር አንቀጹንም ለማክበድ ቅጣቱንም ለማክበድ ሁለት ጊዜ ገብቶ እንደሆነ እዩ። ከተያዘበት ቀን ጀምሮ የታሠረው ጊዜ መታሰቡንም አረጋግጡ፤ ቀላል የሒሳብ ስሕተት ወራት ይበላል።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ዐቃቤ ሕግም ቅጣቱ አንሷል ብሎ ይግባኝ ማለት ይችላል፤ ይግባኝ ሰሚውም ቅጣት የመጨመር ሥልጣን አለው። በ540 ዝቅተኛ ቅጣት ተፈርዶ ከሆነ «ምን እናጣለን» ብላችሁ ከመግባታችሁ በፊት ጠበቃ መዝገቡን አይቶ ይንገራችሁ።

ደረጃ 5፦ የመሬቱ ወረቀት የት ይገባል

አረንጓዴው የይዞታ ደብተር፣ የወረዳ ፍርድ ቤት የሁከት ይወገድልኝ ውሳኔ፣ የቀበሌው የመሬት አስተዳደር ኮሚቴ ቃለ ጉባኤ፦ ብዙ ቤተሰብ ይህን ሁሉ ከይግባኙ ጋር ያያይዛል። አያያዙን ተጠንቀቁ።

ግማሽ ቃዳ መሬት የማን መሆኑ የግድያውን ጥፋተኝነት አይለውጥም። መሬቱ የራሱ ቢሆን እንኳ ሰው መግደል አይፈቀድለትም። ወረቀቱ የሚጠቅመው አንድ የተወሰነ ነገር ሲያስረዳ ብቻ ነው፦

- እግድ ወጥቶ ሳለ ሟች በዚያ ጧት መግባቱን ሲያሳይ፤ ይህ የትንኮሳ ማስረጃ ነው።
- ሟች ከዚህ በፊት በይግባኝ ባይ ላይ ዝቶ ወይም መትቶ ለፖሊስ የቀረበ አቤቱታ ሲኖር፤ ይህ ፍርሃቱን ያስረዳል።
- ይግባኝ ባይ ሁልጊዜ በሕግና በሽማግሌ ሲሄድ መኖሩን ሲያሳይ፤ ይህ ለጠባይ ይረዳል።

የሚጎዳውንም እወቁ። ሙግቱን ተረትቶ በሳምንቱ ግድያ ከደረሰ ያ የፍርድ ወረቀት የቂም ማስረጃ ነው። በኮሚቴ ቃለ ጉባኤ ላይ «ደም ሳይፈስ አይለቀቅም» የሚል ቃል ተመዝግቦ ከሆነ ከማያያዛችሁ በፊት አንብቡት። ብዙ ሰው ማኅተሙን እንጂ ውስጡን አያይም።

ባሕር ሸሽ መሬት ላይ ነገሩ ይከፋል። ውኃው ሲሸሽ የሚታረስ፣ ሲመለስ የሚዋጥ መሬት ብዙ ጊዜ ደብተር የለውም፤ ወሰኑም በየዓመቱ የሚሰመር ነው። «የራሴ ይዞታ ውስጥ ገብቶ ነው» የሚለው ክርክር በወረቀት አይደገፍም፤ በሰው ምስክር ብቻ የቆመ ይሆናል። እዚያ ላይ ጊዜ አታጥፉ።

በሥር ፍርድ ቤት ያልቀረበ አዲስ ማስረጃ ካላችሁ ይግባኝ ሰሚው አስፈላጊ ሆኖ ሲያገኘው በቁጥር 194 ሊቀበል ይችላል። ያኔ ለምን እንዳልቀረበ ግልጽ ምክንያት ስጡ። «ረስተነው» አያስኬድም።

ደረጃ 6፦ ማመልከቻውን ጻፉ

ቁጥር 189 የሚፈልገው አጭር፣ የተፈረመ፣ ቀን ያለው፣ የተቃውሞውን ምክንያትና የሚጠየቀውን ዳኝነት የያዘ ጽሑፍ ነው። አቀማመጡ እንዲህ ይሁን፦

ለአማራ ብሔራዊ ክልል ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ ባሕር ዳር
ይግባኝ ባይ፦ ሙሉ ስም፣ ያለበት ማረሚያ ቤት
መልስ ሰጪ፦ ዐቃቤ ሕግ
የ… ከፍተኛ ፍርድ ቤት በመዝገብ ቁጥር … በቀን … በሰጠው የጥፋተኝነት ፍርድና የቅጣት ውሳኔ ላይ የቀረበ ይግባኝ

ከዚያ በታች የክሱንና የፍርዱን ታሪክ ከግማሽ ገጽ ባልበለጠ፣ ቀጥሎ የይግባኝ ምክንያቶች በቁጥር፣ መጨረሻ ላይ የሚጠየቀው ዳኝነት።

እንዲህ አትጻፉ፦ «የሥር ፍርድ ቤት ፍትሕን አዛብቶ በሐሰት ምስክር ፈርዶብናል፤ መሬቱ ከአያታችን የወረስነው ነው።»

እንዲህ ጻፉ፦ «የዐቃቤ ሕግ 1ኛ ምስክር ሟች ይግባኝ ባይን በጅራፍ ፊቱን እንደመታውና ይግባኝ ባይ ወዲያውኑ አንድ ጊዜ እንደመለሰ መስክሯል (ገጽ 9)። የሥር ፍርድ ቤት ይህን ቃል በፍርዱ ገጽ 22 ከጠቀሰ በኋላ ለምን የወንጀል ሕግ አንቀጽ 541ን እንደማያሟላ ምክንያት ሳይሰጥ በ540 ጥፋተኛ ማለቱ የሕግ ስሕተት ነው።»

ሦስት ወይም አራት ጠንካራ ምክንያት ይበቃል። ዳኛውን አትስደቡ፤ «ዳኛው ተሳሳተ» ማለት ይቻላል፣ «ዳኛው ተገዛ» ያለ ማስረጃ ማለት ጠላት ማብዛት ነው። የምትጠይቁትን በቅደም ተከተል አስቀምጡ፦ በነጻ እንዲሰናበት፤ ካልሆነ አንቀጹ ወደ 541 እንዲለወጥ፤ ካልሆነ ቅጣቱ እንዲቀንስ።

አብረው የተፈረደባቸው ወንድሞች ካሉና አንዱ ብቻ ይግባኝ ካለ፣ ቁጥር 196 ጥቅሙ ለሌሎቹም እንዲደርስ ፍርድ ቤቱ ሊያዝ ይችላል ይላል። «ሊያዝ ይችላል» ነው እንጂ የግድ አይደለም። የሚችል ሁሉ በስሙ ያስገባ።

ደረጃ 7፦ ማስገባትና ችሎት

ማመልከቻውን ከግልባጩ ጋር አስገቡ፣ የይግባኝ መዝገብ ቁጥሩን በስልካችሁ ፎቶ አንሡ። ደረሰኝ ለሌለው ነገር ገንዘብ አትክፈሉ።

መጀመሪያ ዳኞቹ ይግባኙ ያስቀርባል ወይስ አያስቀርብም የሚለውን ይመረምራሉ። «አያስቀርብም» ከተባለ እዚያው ይዘጋል፤ ለዚህ ነው ዋናው ነጥብ የመጀመሪያው ገጽ ላይ መሆን ያለበት። «ያስቀርባል» ከተባለ ዐቃቤ ሕግ መልስ ይሰጣል፣ ክርክር ይሰማል።

ባለጉዳዩ ራሱ የሚከራከር ከሆነ ከማረሚያ ቤት ጥየቃ ላይ አለማምዱት። የተጠየቀውን ብቻ ይመልስ። «ክቡር ፍርድ ቤት፣ ገጽ 9 ላይ» ብሎ ይጀምር። ማልቀስና የአያት የቅድመ አያት ታሪክ መቁጠር ሰው ያሳዝናል፤ መዝገቡን ግን አይለውጥም። ታዳሚው ወንበር ላይ የተቀመጠ ዘመድ ከሟች ወገን ጋር ዐይን ለዐይን አይጋጠም፤ ከችሎት ውጭ ደም የሚመለሰው በዚያ ነው። ተለያይታችሁ ውጡ።

እስራቱ በይግባኙ ምክንያት አይቆምም፣ በዋስ ካልተለቀቀ በቀር፤ በነፍስ ግድያ ደግሞ የዋስትና ዕድሉ እጅግ ጠባብ ነው። ጉልበታችሁን ይግባኙ ላይ አውሉ።

ዕርቁ ከተፈጸመ

ሽማግሌ ገብቶ ደም ከደረቀ፣ ካሳ ከተከፈለ፣ የወንጀል ፍርዱ አይሰረዝም፤ ክሱ የመንግሥት ነው። ለቅጣት ማቅለያ ግን ይጠቅማል። የዕርቁን ሰነድ በቀን፣ በሽማግሌዎቹ ስምና ፊርማ፣ በተከፈለው ካሳ መጠንና በሟች ወራሾች ፊርማ አዘጋጁ። ሰነዱ ውስጥ «ገዳይ ሆነን ታረቅን» የሚል ዓረፍተ ነገር ከመግባቱ በፊት ጠበቃ ያንብበው፤ «አልገደለም» ብላችሁ ይግባኝ እያላችሁ ከሆነ ያው ወረቀት ዐቃቤ ሕግ እጅ ይገባል። «የሁለቱ ወገን ዘመዶች እንዳይተላለቁ» ተብሎ የተጻፈ ዕርቅ ያንን አደጋ ይቀንሳል።

የሟች ወገን ከሆናችሁ

በራሳችሁ ስም ይግባኝ ማለት አትችሉም። ተከሳሹ በነጻ ከተለቀቀ ወይም ቅጣቱ አነሰ ካላችሁ ይግባኝ የሚለው ዐቃቤ ሕግ ነው፤ ቀኑም እንደ እናንተ ሐዘን አይጠብቅም። ፍርዱ በተነበበ በማግሥቱ ለዐቃቤ ሕግ ጽሕፈት ቤት በጽሑፍ አመልክቱ፣ ያልታየውን ማስረጃ በገጽ ጥቀሱ፣ ኮፒያችሁ ላይ ማኅተም አስደርጉ። ለልጆች መተዳደሪያና ለቀብር ወጪ ካሳ የምትጠይቁት ለብቻው ነው፤ የሟች ወራሽነት ማስረጃ አስቀድማችሁ አውጡ።

ደረጃ 8፦ ከውሳኔው በኋላ

ቅጣቱ ከተቀነሰ ወይም አንቀጹ ከተለወጠ የውሳኔውን ግልባጭና የማረሚያ ቤቱን ትእዛዝ ተከታትላችሁ አውጡ። ትእዛዙ ማረሚያ ቤት ደርሶ የመፈቻ ቀኑ በአዲሱ ቅጣት መስተካከሉን ባለጉዳዩ ራሱ ከመዝገብ ክፍሉ ይጠይቅ።

ካልተሳካላችሁ የሚቀረው ሰበር ነው። ሰበር ሦስተኛ ይግባኝ አይደለም። «ምስክሩ ዋሸ» አይሰማም፤ የሚሰማው መሠረታዊ የሕግ ስሕተት ነው፦ ለምሳሌ በተረጋገጠው ፍሬ ነገር ላይ የተሳሳተ አንቀጽ መጥቀስ፣ ወይም የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት ከሰጠው አስገዳጅ ትርጉም ውጭ መወሰን። ለፌዴራል ሰበር የሚቀርበው አቤቱታ ከመጨረሻው ውሳኔ ጀምሮ 90 ቀን አለው። መጀመሪያ ለክልሉ ሰበር ማቅረብ ያስፈልግ እንደሆነና ቀነ ገደቡን ውሳኔው በተነበበ ዕለት ሬጅስትራሩን ጠይቃችሁ በወረቀት ያዙ። የሰበር ውሳኔ የምትጠቅሱ ከሆነ ከታተመው ቅጽ ሙሉውን አንብባችሁ ጥቀሱ፤ ከሰው አፍ በተሰማ የመዝገብ ቁጥር አቤቱታ አትጻፉ።